ሰባት ጥንድ ቀንድ ፍቄ ስላገኘሁት የምስክር ወረቀት

ለጥንት ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች ምዝገባ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ ኃላፊ
ጋምቤላ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልኝ ክብር ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ባሮ ጎድሎ አሸዋው በሚታይበት፣ ሰውም ከብትም ጥላ ፍለጋ በሚንከራተትበት በዚህ የሚያዝያ ሙቀት፣ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከጠረጴዛዎ በላይ ሳያቋርጥ ለሚዞረው ማራገቢያ ፈጣሪ የተሟላ ጤና እንዲሰጥልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔም፣ ሰው አንገቱን ደፍቶም ቢሆን መኖሩ አይቀርምና፣ አለሁ።

ከጉዳይ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስታውስዎ። ሷሊህ አራጋው እባላለሁ። በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ወደ አቦቦ የመጣሁ፣ እርሻው አልሆን ሲለኝ ወደ ከተማ ገብቼ ከገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት የከፈትኩ፣ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጋምቤላን ሕዝብ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእርስዎንም የመታወቂያ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ በአራተኛው "ይሁን" ብለውኛል።

ትናንት በመልእክተኛዎ እጅ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ በመጪው ቅዳሜ በሚከፈተው የጥንት ሳንቲሞች ዐውደ ርእይ ላይ ተገኝቼ፣ "ዲጂታል ካሜራ በመምረጥና ሳንቲሞችን ለፎቶግራፍ በማዘጋጀት ላበረከቱት ከፍተኛ ሙያዊ አስተዋፅኦ" የምስክር ወረቀት እንድቀበል በአክብሮት የሚጋብዝ ነው። ደብዳቤውን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። በዕድሜዬ የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር ተሰጥቶኝ ስለማያውቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን በሃፍረት ውሃ ሆንኩ። ስለዚህ ቅዳሜ በሰው ፊት እጅ ከመንሳቴ በፊት፣ ምስጋናዬን በዝርዝር ጽፌ የናሙና ፎቶዎች ከምሰቅልበት የፎቶ ቤቴ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ የሚችል ያንብበው፤ የማይችል ያስነብበው።

1ኛ. ባለሙያ ስላሉኝ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ጽሕፈት ቤትዎ ሲቋቋም የተነገረን ዓላማ፣ አዲሱ ክልላችን በየሽማግሌውና በየአሮጊቱ አንገት ላይ ያለውን የጥንት ሳንቲምና ጌጥ አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ፣ ጭረቱ ሳይቀር እንዲታይ አጉልቶ፣ በመጽሐፍ አትሞ ለልጅ ልጅ እንዲያቆይ ነበር። ይህ ደግ ሐሳብ ነው። ይህን አንዱን ያለ ሽሙጥ እላለሁ፤ ከዚህ በታች ያለውን እንደፈለጉ ይውሰዱት።

ለዚህ ሥራ ዲጂታል ካሜራ ሊገዛ ሆነ፤ ለግዥ ኮሚቴው ደግሞ አንድ ባለሙያ አስፈለገ፤ መልእክተኛዎም ወደ እኔ መጡ። ያን ጊዜ ፎቶ ቤቴ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ተቀምጠው ነበር። መልእክተኛው በሰዎቹ ፊት "ዲጂታል ካሜራ ታውቃለህ?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ በሕይወቴ ዲጂታል ካሜራ በእጄ ይዤ የማላውቅ፣ ከሁለቱ የፊልም ካሜራዎቼ ሌላ ያልነካሁ ሰው፣ ደረቴን ነፍቼ "እንዴት አላውቅም!" አልኩ። እውነቱን ለመናገር አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምታስፈልገኝ፣ "አላውቅም" የምትባል። ያቺን ቃል ያን ቀን በሦስት ሰው ፊት ብተነፍሳት ኖሮ፣ ዛሬ በሺህ ሰው ፊት ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። እርስዎም ማወቅ አለማወቄን በአንድ ጥያቄ እንኳ ሳይፈትኑኝ ባለሙያ ብለው ስለተቀበሉኝ፣ ለዚህ ታላቅ እምነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. አበባን ከግብርና ጋር ስላገናኙልን አመሰግናለሁ።

ከአዲስ አበባ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ከየካሜራው ሥዕልና መግለጫ ጋር መጣ። አንደኛው በዋጋው ወዲያው ወደቀ። ሁለተኛው መዳፍ የማይሞላ ትንሽ ካሜራ ነበረ፤ በመግለጫው ላይ አንዲት ደቃቅ የአበባ ሥዕል ተስላ ከጎኗ "2 ሳ.ሜ." የሚል ተጽፎ ነበር። ኮሚቴው በዚህች አበባ ላይ አርባ ደቂቃ ተወያየ። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ቤርሳቤ፣ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ናቸውና፣ አበባው ካሜራው የተሠራው አበባ ለማንሳት መሆኑን፣ ቁጥሩም የአበባው ስፋት ከሁለት ሳንቲሜትር መብለጥ እንደሌለበት የሚያሳይ መሆኑን አስረዱ። ጽሕፈት ቤታችን ደግሞ በአበባ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ነገ ኦዲተር መጥቶ "አበባ ምን አገባችሁ?" ቢል ምን እንመልሳለን? እርስዎም ቀበል አድርገው፣ አሁን በቃለ ጉባኤው ገጽ አራት ላይ እንደሚገኘው፣ "አበባ የግብርና ነው፤ ከፈለገ ግብርና ይግዛው" ብለው ወሰኑ።

ከዚያም ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ "ባለሙያ ምን ይላሉ?" ተባልኩ። እኔ ያቺን አበባ ከዚያ ቀን በፊት አይቻት አላውቅም። ነገር ግን ዝም ማለት አለማወቅ እንዳይመስልብኝ "እውነት ነው፤ የአበባ ካሜራ ነው" አልኩ። በዚህም ሳላበቃ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "ለአበባ የተሠራ ካሜራ ብረት ሲያነሳ ቀለሙ ይበላሻል" ብዬ ጨመርኩበት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ ለራሴም አይገባኝም።

ባለፈው መጋቢት የእንግሊዝኛ መምህሩ አስማረ ለጉርድ ፎቶ መጥቶ፣ ጸጉሩ በውሃ እስኪስተካከል ቅጂው ከእኔ ጋር የቀረውን ያንኑ መግለጫ አነበበልኝ። አበባዋ "ይህ ካሜራ ቅርብ ያለ ትንሽ ነገር ያያል" ማለት ኖራለች። ሁለት ሳንቲሜትሩ ካሜራው ወደሚነሳው ዕቃ ምን ያህል መጠጋት እንደሚችል ነው። ሳንቲም ለማንሳት በሚመረጥ ካሜራ ላይ ከሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት ምልክት ያ ነበር። አስማረ ይህን ለማስረዳት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም።

3ኛ. አንበሳ ስላሳዩን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ካሜራ ትልቅ፣ ከባድና አፍንጫው ረጅም ሲሆን፣ በመግለጫው ላይ ከሩቅ የተነሳ አንበሳ ነበረበት፤ ፂሙ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እርስዎም ሥዕሉን ከፍ አድርገው "የአንበሳ ፂም ከሩቅ የቆጠረ ካሜራ፣ መዳፍ ላይ ያለ ሳንቲም ያቅተዋል?" ብለው ጠየቁ። ኮሚቴው ሳቀ። እኔም "እንዴት ብሎ ያቅተዋል!" ብዬ ፈረምኩ። የእኔ ፊርማ ከሁሉ ትልቋ ናት፤ ገጹን ቢያዩት ራሷን አጉልታ ተቀምጣለች።

ካሜራው የደረሰ ዕለት በመስኮትዎ አሻግረው በባሮ ድልድይ ላይ የሚያልፍ የጭነት መኪና ታርጋ ሲያነቡ ሠራተኛው በሙሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ይህ ካሜራ ከአንድ ሜትር ወዲህ የቀረበውን ነገር ሁሉ እንደ ጭጋግ የሚያይ መሆኑን ያን ቀን ማናችንም አልሞከርነውም። በዚህ ረገድ ካሜራው ከእኛ ኮሚቴ ጋር እጅግ ተስማምቶ ነበር፤ እኛም ድልድዩን እንጂ እጃችን ላይ ያለውን አናይም ነበር።

የሚቀጥለው ኮሚቴ ይህን ደብዳቤ ካነበበ አንድ ነገር ልጥቀመው። ለሳንቲም ካሜራ ስትመርጡ ምን ያህል ሩቅ ያያል አትበሉ፤ ምን ያህል መጠጋት ይችላል በሉ። ሳንቲም አስመጥታችሁ ሳትሞክሩት አትፈርሙ። የካሜራውን ብልጭታ አጥፉት፤ መብራት ፊት ለፊት ሲያርፍበት ብር ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በጎን ሲያርፍበት ግን ጭረቱ ሁሉ ይናገራል። ካሜራውን በእጅ አትያዙት፣ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሙት። ከሁሉም በላይ ባለሙያችሁን ቀድማችሁ ፈትኑት።

4ኛ. እማማ ኛሩአችን ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ።

የጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ያክ፣ ኒውላንድ ሰፈር የሚኖሩትን የእናቱን ታላቅ እህት እማማ ኛሩአችን ይዟቸው መጣ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። በአንገታቸው ላይ፣ በቀጭን የቆዳ ገመድ የተሰኩ ሰባት የብር ሳንቲሞች ነበሩ፤ በዚያ በሱዳን በኩል የሚመጣው መርከብ ክረምት ክረምት የባሮን ወንዝ ሽቅብ ይወጣ በነበረበት ዘመን፣ አባታቸው ቡና ሲጭኑ የተከፈሏቸው ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ከብት በበሽታ ሲያልቅባቸው፣ አባትየው የሳንቲሞቹን አንድ ገጽ በወንዝ ድንጋይ አለስልሰው፣ በጦር ጫፍ የእያንዳንዱን ከብት ቀንድ ጭረውበታል። እማማ ኛሩአችም ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ የአባታቸውን ከብቶች በየስማቸው ይጠሯቸው ነበር።

ያን ቀን እማማ ኛሩአች የተናገሩት አማርኛ አጭር ነበር። "አባቴ ነው። ሰባት ከብት ነው። ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ስጡኝ" አሉ። እኛም በንብረት መቀበያው ደረሰኝ፣ በሞዴል 19፣ "ሰባት ፍሬ የብር ሳንቲም፣ ያረጀ፣ የተበሳ፣ የተጫጫረ" ብለን ገቢ አደረግነው። የአባታቸው እጅ በእኛ ቋንቋ "የተጫጫረ" ሆነ።

እኔ ኔጌቲቭ የማይበት ማጉያ መስታወት በኪሴ ነበር፤ አውጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ "ይሄማ ጥጃ ነው" አልኩ። እማማ ኛሩአች ሳቁ፤ እጄን ፈልገው ያዙኝ። ይህን ሳስታውስ እጄን የምደብቅበት አጣለሁ።

5ኛ. "ቆሽሿል" ስላሉ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያው ፎቶ ሲወጣ በጭጋግ ውስጥ ያለ ክብ ነገር ሆነ። ብልጭታ ሲጨመርበት ነጭ ክብ ሆነ። እርስዎ መጥተው አዩና "ሳንቲሞቹ ቆሽሸዋል፤ ይጽዱ" አሉ። እኔም ባለሙያ ነኝና በአመድና በሎሚ ማሸት ጀመርኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄኔ ነው። ብሩ አበራ፣ ጭጋጉ ግን አለቀቀም።

በማግስቱ ለብቻዬ ስሞክር አንድ ነገር አስተዋልኩ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስሄድ ሳንቲሙ በመጠኑ ይጠራል። ሌላ እርምጃ ስሄድ ይበልጥ ይጠራል። ከበሩ አጠገብ ስደርስ ጥርት አለ፤ ነገር ግን ምስር አክሎ ነበር፤ ቀንዱ ቀርቶ ሳንቲም መሆኑም በግምት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ጥፋቱ የሳንቲሙ አይደለም፣ የካሜራው ነው፤ ካሜራውን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ወዲያው እርስዎ ገብተው "ምን ችግር አለ?" አሉኝ። "ክቡር ሆይ፣ ተሳስቼ ነው፤ አላውቅም ነበር" የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን "ገና አልጸዳም" የሚል ሆነ።

ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ብርጭቆ ወረቀት አስገዛሁ፤ ልም የሆነውን። ሁለት ቀን ፈገፈግኩ። "ጭረቱ ጥልቅ ነው፤ ላዩን ብቻ ነው የምነካው" እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሦስተኛውን ጨርሼ ቀና አድርጌ ሳየው ቀንዱ የለም። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ ምክንያቱም ሦስቱ ለስላሳ አራቱ የተጫጨሩ ሆነው ቢገኙ ሰው ይጠይቃል፣ ሰባቱም ለስላሳ ቢሆኑ ግን አይጠይቅም ብዬ ነው። ጥጃው ሁለት ነጥብ ብቻ ስለነበር አምስት ጊዜ ሳላሸው ጠፋ። ያክ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ባለሙያን ማን ይናገረዋል?

6ኛ. በመጨረሻም ስለ ፍርድዎ አመሰግናለሁ።

በኅዳር መጨረሻ እማማ ኛሩአች ንብረታቸውን ሊወስዱ መጡ። ያክ ገመዱን ከነሳንቲሞቹ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። አውራ ጣታቸው አንዱን ዳሰሰ፤ ገለበጠው፤ ሌላውን ዳሰሰ። ሰባቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ዳሰሷቸው። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው "ይሄ የኔ አይደለም። የኔ ቀንድ አለው" አሉ። እኛ ሁላችን በአንድ ድምፅ ቀዳዳውን፣ በሌላው ገጽ ያለውን የንጉሥ መልክ፣ ገመዱን እየጠቀስን የእሳቸው መሆኑን ልናስረዳ ተረባረብን። እሳቸውም "ገመዱ የኔ ነው" አሉና ገመዱን መዘው አወጡት፤ ጠቅልለው ያዙት፤ ሳንቲሞቹን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄዱ።

በያክ በኩል አቤቱታ ባስገቡ ጊዜ እርስዎ ስብሰባ ጠርተው፣ እሳቸው በተቀመጡበት፣ "ባለሙያ፣ በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ ቀንድ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም "ፎቶው ላይ አይታይም" አልኩ። ክቡር ሆይ፣ አንድ ሰው ሐሰት ሳይናገር እንዲህ አድርጎ መዋሸት እንደሚችል ያን ቀን ከራሴ ተማርኩ። እማማ ኛሩአች ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩና "አንተ በዚያ መስታወት አይተሃል። 'ጥጃ ነው' ብለሃል" አሉ። መስታወቱ በዚያች ሰዓት ኪሴ ውስጥ ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

በሳምንቱ እርስዎ በጻፉት ውሳኔ "በፎቶግራፍ ማስረጃው ላይ ቀንድም ሆነ የቀንድ ምልክት ስላልታየ፣ ሳንቲሞቹም በለስላሳ ጨርቅ ከመወልወላቸው በቀር ሌላ ነገር ስላልተደረገባቸው፣ አቤቱታው መሠረተ ቢስ ሆኖ ተገኝቷል፤ አመልካቿም ከእንግዲህ ከሐሰት አቤቱታ እንዲቆጠቡ" ተባለ። ውሳኔው በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ እማማ ኛሩአች ለቅሶ ቤት እንኳ አይሄዱም፤ የሄዱ እንደሆነ ከኋላቸው "መንግሥትን ልታታልል የነበረችው" የሚል አይጠፋም። ስንት ዘመን በንግግራቸው ሰው ሲዳኝ የኖሩ ሴት፣ በእኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ቃላቸው ረከሰ። ለቅዳሜው ዐውደ ርእይ የተዘጋጀውን መግለጫም አይቼዋለሁ፤ በሰባቱ ሳንቲሞች ሥር "ባለቤታቸው ያልታወቀ" የሚል ተጽፎበታል።

ከዚህ በላይ ማመስገን ስላቃተኝ፣ ያን ቀን መናገር የነበረብኝን አሁን እናገራለሁ። ያላየሁትን አየሁ ብል ዓይኔን ግንባር ያድርገው። አንደኛው ሳንቲም ላይ ሁለቱም ቀንዶች ወደ ፊት የተዘረጉ ነበሩ። ሁለተኛው ላይ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ጉንጭ የወረደ። ሦስተኛው ላይ ጫፋቸው ከራስ በላይ የተገናኘ። አራተኛው ላይ ወደ ጎንና ጎን እጅግ የተንሰራፋ፣ የሳንቲሙን ዳር የነካ። አምስተኛው ላይ አንዱ ቀንድ ከወገቡ የተሰበረ። ስድስተኛው ላይ ሁለቱም ወደ ዓይን የታጠፉ። ሰባተኛው ላይ ሁለት ነጥብ፤ ቀንዱ ገና ያልበቀለ ጥጃ። ስማቸውን አላውቅም፤ እማማ ኛሩአች ያውቃሉ። ቀንዶቹን ያጠፋኋቸው እኔ ሷሊህ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ አውቄ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ጥቂት ነው። ያ ውሳኔ በተነበበበት ቦታ፣ በተነበበበት ድምፅ መሻሩ ይነበብ። ሳንቲሞቹ ከዐውደ ርእዩ ወጥተው ለባለቤታቸው ይመለሱ፤ ባለቤታቸው ይታወቃሉ። እማማ ኛሩአች በሕይወት ሳሉ፣ እሳቸው እየነገሩ ከወገናቸው አንድ እጀ ብልህ ሰው ቀንዶቹን እንደገና ይጫርላቸው ይሆናል። የአባታቸው እጅ እንዳልሆነ አውራ ጣታቸው ያውቃል፤ ቢሆንም የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፣ ኮሚቴ አይደለም። የምስክር ወረቀቱን በተመለከተ፣ ስሜ የተጻፈበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፍጉት በደንብ ይለቃል፤ ልሙ ይሻላል።

እኔ እስከ ዛሬ የእማማ ኛሩአችን ደጅ አልረገጥኩም። ይህን ለጥፌ ስጨርስ እሄዳለሁ። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ያቺን ቃል ይኸው አሁን ለመድኳት።

ባለሙያ ተብሎ በተጠራበት ጉባኤ የአበባ ትርጉም ያልገባው፣ በፈረመበት ገጽ ላይ ፊርማው ከእውቀቱ የገዘፈ፣ ለአንዲት ዓይነ ስውር እናት እንኳ ዓይን መሆን ያቃተው፣ ሆኖም የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜና ቅርብ የሚያይ ዓይን ዘወትር የሚመኝ፣

ሷሊህ አራጋው
የፎቶ ቤት ባለቤት
ሚያዝያ 1994 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለእማማ ኛሩአች (ያክ እያነበበ እንዲያስረዳልኝ)
ለግብርና (አበባውን ስለሚመለከት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከግብዣው ደብዳቤ ጋር በስጦታ የላኩልኝ "ባለሙያው በሥራ ላይ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ትልቅ ፎቶ ደርሶኛል። ያን ሰሞን ካሜራውን ሲሞክሩ ከግቢው ማዶ ካለው መስኮት እኔ ሳላውቅ ያነሱኝ ነው። ርቀቱ ለካሜራው ተስማምቶት እጅግ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ በቀኝ እጄ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ በግራዬ ሳንቲሙ፣ ጥፍሮቼ ሥር የገባው የብር ብናኝ ሳይቀር ይታያል። ለስላሳ ጨርቅ የሚባል ነገር ግን በፎቶው ውስጥ አይታይም። ክቡርነትዎ ከፎቶግራፍ በቀር ማስረጃ እንደማይቀበሉ ስለማውቅ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ሆነውም ያዩታል። ቆሽሾ ከታየዎት እባክዎ እንዳያስፈገፍጉት፤ ቆሻሻው ፎቶው ላይ ሳይሆን እጄ ላይ ነው።